ማዕድና ሳቅ፦ ስለ ባልንጀሮቻችን ያልተማርነው

በአገራችን «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይባላል። አባባሉ ዘወትር የሚጠቀሰው ስስታምን ለመገሠጽ ነው። ይሁን እንጂ ሌላም ቁም ነገር አለበት። ብቻውን የሚበላ ሰው ጎረቤቱ ምን እንደሚበላ አያውቅም፤ በማዕድ ዙሪያ የሚወራውን ስለማይሰማም ጎረቤቱ በምን እንደሚስቅ አያውቅም። እንዲህ ያለው ሰው ከጎረቤቱ ጋር ሠላሳ ዓመት አጥር ቢጋራም እንግዳ ሆኖ ይኖራል።

እዚህ ካይሮ የምንማር የውጭ አገር ተማሪዎች ከብዙ አገር የተሰባሰብን ነን። ከኢትዮጵያ የመጣነውም ብንሆን ከአንድ ቦታ አልመጣንም። ባንድ የመማሪያ አዳራሽ እንቀመጣለን፤ ባንድ ማደሪያ እናድራለን። የሕዳሴው ግድብ ሥራ በ2011 ከተጀመረ ወዲህ እዚህ የተማረ ኢትዮጵያዊ ከግብፃውያን ባልንጀሮቹ ጋር ስለ ዓባይ ውኃ ሳይከራከር የቀረ አይመስለንም። ነገር ግን የምንከራከረው ሰው ጠዋት ምን በልቶ እንደመጣ፣ ማታ ምን አይቶ እንደሚስቅ የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? እርሱስ ስለ እኛ ምን ያህል ያውቃል?

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረው ይህ አለመተዋወቅ እንዴት እንደሚፈጠር፣ ለምን በሁሉም ወገን እኩል እንዳልሆነ፣ በተለይም በሕክምና ሙያ ላይ ምን ጉዳት እንደሚያደርስ ነው። አሳባችን ባጭሩ የሚከተለው ነው፦ አንድን ሕዝብ ባብዛኛው የምናውቀው ለእንግዳ በሚያቀርበው ምግብና ሌሎች ስለ እርሱ በሚናገሩት ቀልድ ነው፤ ልናውቀው የሚገባን ግን ራሱ ዘወትር በሚበላው ምግብና ራሱ በሚናገረው ቀልድ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ስለ ማዕድ

ከእንጀራ እንጀምር። ግብፃዊ ዳቦን «ዐይሽ» ይለዋል። በሌሎች የዐረብ አገሮች የተለመደው ቃል «ኹብዝ» ነው፤ «ዐይሽ» ግን ከመኖርና ከሕይወት ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል ነው። እኛም «እንጀራ» ስንል ምግቡን ብቻ ማለታችን አይደለም። ሥራ የያዘውን ሰው «እንጀራ አገኘ» እንላለን፤ ከሥራ ያስወጣንን ሰው ደግሞ «እንጀራዬን ዘጋብኝ» ብለን እንከሰዋለን። በጥር 1977 የግብፅ መንግሥት የዱቄትን፣ የሩዝን፣ የዘይትንና የመሳሰሉትን ድጎማ እቀንሳለሁ ባለ ጊዜ ሕዝቡ ሁለት ቀን ሙሉ አደባባይ ወጥቶ ውሳኔውን አስሽሯል። ዳቦን «ሕይወት» ብሎ የሚጠራ ሕዝብ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ለመረዳት «እንጀራዬ» ብሎ ለሚናገር ሕዝብ አስቸጋሪ ሊሆንበት አይገባም ነበር። ዳሩ ግን ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ቆመው አይተዋወቁም።

ቁርስንም እንመልከት። የግብፃዊ የዘወትር ቁርስ ፉል ነው። ባቄላው አንገቱ በጠበበ፣ «ቂድራ» በሚባል ዕቃ ሌሊቱን በዝግታ ሲበስል ያድርና ጠዋት በዘይት፣ በሎሚና በከሙን ይቀርባል። በአዲስ አበባ ቁርስ ቤቶችም ፉል አለ፤ ስሙን እንኳ ከዐረብኛ እንዳለ ወስደነዋል። «ጠዕሚያ» የሚባለው የግብፅ ጥብስ እንዲሁ ከባቄላ ይሠራል፤ በሶርያና በሊባኖስ ግን ተመሳሳዩ ምግብ ባብዛኛው ከሽምብራ ነው። ባቄላን በእልበትና በስልጆ ለሚያውቅ ሰው የግብፅ ማዕድ ባዕድ አይደለም። ሆኖም አዲስ የመጣ ተማሪ መጀመሪያ የሚፈልገው ስሙን ከቤቱ ይዞ የመጣውን ምግብ ስለሆነ በባቄላው ያለውን ዝምድና ሳያስተውል ወራት ያልፋሉ።

ከዚህ የሚያስደንቀው የጾም ነገር ነው። ከአራተኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሶቿን ከእስክንድርያ ስታስመጣ ኖራለች። ኢትዮጵያዊው አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ የሆኑት በ1951፣ ፓትርያርክ የሆኑት በ1959 ነው። ይህን የመሰለ ረጅም ግንኙነት ቢኖርም፣ ግብፃዊው ቅብጥ እንደ እኛው ከዓመቱ ግማሽ የሚበልጠውን ጊዜ እንደሚጾም፣ ለጾም ምግብም «ሲያሚ» የሚል የራሱ ስም እንዳለው የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ብዙ ነው። ልዩነትም አለ፤ ቅብጦች ከዐቢይ ጾም ውጭ ባሉ አንዳንድ አጽዋማት ዓሣ ይበላሉ። ሩዝ፣ ምስር፣ መኮሮኒና ሽምብራ ተቀላቅሎ፣ የተጠበሰ ሽንኩርትና የቲማቲም ስልስ ተደርጎበት የሚቀርበው ኩሸሪ ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ ስለሚሠራ ለጾመኛ የተመቸ ነው። ሆኖም ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ባንድ ወንበር ተቀምጦ ይበላዋል።

በእስልምናም በኩል ግንኙነቱ ያነሰ አይደለም። በአል-አዝሃር ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ለሚመጡ ተማሪዎች የተመደበ የጀበርቶች ሩዋቅ ነበር። በ1753 የተወለደው ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱራሕማን አል-ጀበርቲ የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከዚያው ወገን ነው፤ ስሙም ይህን ይመሰክራል። እንግዲህ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ካይሮ መጥቶ መብላትና መሳቅ የጀመረው ትናንት አይደለም።

አለመተዋወቅ ከሁሉ በላይ የሚታየው በኮመጠጠና በሸተተ ምግብ ላይ ነው። እንጀራ በእርሾ ሁለትና ሦስት ቀን ተብላልቶ የሚጋገር ስለሆነ ጎምዘዝ ይላል። ይህን የማያውቅ ግብፃዊ ባልንጀራ አንድ ጊዜ ቀምሶ «ተበላሽቷል» ቢል አይፈረድበትም። እኛም በፋሲካ ማግስት ሰኞ በሚውለው «ሸም አን-ነሲም» በተባለው በዓል ግብፃዊው፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ «ፈሲኽ» የሚባለውን በጨው የታሸና የተብላላ ዓሣ ሲበላ አይተን አፍንጫችንን እንይዛለን። ሁለቱም ምግቦች የተሠሩት ባንድ ዓይነት ጥበብ፣ በማብላላት፣ መሆኑን የሚያስረዳን ከሌለ አንዱ የሌላውን ማዕድ «የተበላሸ» እያለ ይኖራል። በአንጻሩ የሱዳን ተማሪ የማሽላ «ኪስራ»፣ የየመን ተማሪ «ላሑሕ»፣ የሶማሊ ተማሪ «ዐንጄሮ» ስላለው እንጀራን ሲያይ የዘመድ ልጅ ያየ ያህል ነው። መብላላትን ከቤቱ ያወቀ ሰው ማስተዋወቂያ አያስፈልገውም።

አሁን ጣታችንን ወደ ራሳችን እናዙር። «የኢትዮጵያ ምግብ» ተብሎ በባህል ምሽት የሚቀርበው ምንድን ነው? ዶሮ ወጥ፣ ጥብስ፣ ክትፎ፣ አልፎ አልፎም የበየዓይነቱ ትሪ ነው። እንሰት ግን በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ ምግብ ነው። ግንዱና ሥሩ ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ከተብላላ በኋላ ቆጮ ይሆናል፤ ከውስጡም ነጩ ቡላ ይወጣል። በሰሜን ተወልደን ካደግነው መካከል ቆጮን ከክትፎ ጎን ከምትቀርብ አንዲት ቁራጭ በቀር የማናውቅ ብዙ ነን። የወለጋን አንጮቴ፣ በትግራይ የዓጋመን ጥህሎ፣ በቆላው አርብቶ አደር ዘንድ የግመል ወተት ያለውን ክብር የሚያውቀውማ ከዚያም ያንሳል። በአንጻሩ ከወላይታም ከሐረርም የመጣ ተማሪ ዶሮ ወጥን ያውቃል።

ክፍተቱ እኩል አይደለም ያልነው ለዚህ ነው። ከትንሹ ወገን የሆነ ሰው ትልቁን ወገን ሳይወድ በግድ ያውቀዋል፤ በትምህርት ቤት፣ በምግብ ቤት፣ በሬዲዮ ይገናኘዋልና። ትልቁ ግን ትንሹን ሳያውቅ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል፤ ምንም አይጎድልበትምና። ስለዚህ ማወቅ በመልካም ጠባይ ብቻ የሚመጣ ነገር አይደለም። ተዘጋጅቶ ካልተፈለገ አይገኝም።

ለ. ስለ ሳቅ

ከምግብ ይልቅ ቀልድ አስቸጋሪ ነው። ምግብ ምላስ ይበቃዋል፤ ቀልድ ግን ቋንቋ ይፈልጋል። ቋንቋ ብቻ አይደለም፤ ታሪክን፣ የመንደር ሐሜትን፣ የመሥሪያ ቤት ወረፋን ይፈልጋል።

አንድ የሕክምና ተማሪ ዐረብኛውን ከመጽሐፍ አጥንቶ ቢመጣና ግብፃውያን ስለ አንድ ሰው «ደሙ ቀላል ነው» ሲሉ ቢሰማ፣ የደም ማነስ ያለበት በሽተኛ ሊመስለው ይችላል። አባባሉ ግን «ተጫዋች፣ ቀልደኛ ነው» ማለት ነው፤ «ደሙ ከባድ» ከተባለም ቀልዱ የማያስቅ፣ አብረውት ሲቀመጡ የሚከብድ ሰው ነው። የሚገርመው እኛም ሰውን በደሙ መመዘናችን ነው፤ መልኩ የሚስበውን «ደመ ግቡ»፣ የማይወደደውን «ደመ መራራ» እንላለን። አስተሳሰቡ ያው ሆኖ ሳለ መለኪያው ይለያል፤ እነርሱ ደምን በክብደት፣ እኛ በጣዕም እንመዝናለን።

በቀልድ በኩል የግብፅን ያህል የታወቀ የዐረብ አገር የለም። ምክንያቱ ግብፃውያን ከሌላው ይልቅ ተጫዋች ሆነው ስለ ተፈጠሩ አይደለም። ስቱዲዮ ምስር በ1935 ከተቋቋመ ወዲህ የግብፅ ፊልም ከሞሮኮ እስከ ኢራቅ ተሠራጭቷል። በ1950ዎቹ የኢስማዒል ያሲን ስም ራሱ የፊልም ርእስ ይሆን ነበር፤ ከእርሱም በኋላ ዓዲል ኢማም ለአሥርተ ዓመታት መድረኩንና ሲኒማውን ይዞት ቆይቷል። በዚህ የተነሣ የሞሮኮ ተማሪ የግብፅን ቀልድ ይሰማል፤ ግብፃዊው ግን የሞሮኮን ቀልድ አይሰማም፤ ቋንቋውም አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ይመስለዋል። በምግብ ያየነው ያልተመጣጠነ ዕውቀት እዚህም አለ።

በእኛም አገር ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1964 ሥራ ሲጀምርም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በአገር ደረጃ የታየው ቀልድ በአብዛኛው የአማርኛ ቀልድ ነበር። የደረጀ ኃይሌንና የሀብቴ ምትኩን ጥንድ ቀልድ አፉን በኦሮምኛ ወይም በሲዳምኛ የፈታ ልጅ ሁሉ እየሳቀበት አድጓል። በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛ የሚቀለደውን ግን አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ትርጉሙን ቀርቶ መኖሩንም አያውቅም። የሚያውቀው በአማርኛ መድረክ ላይ የእነዚያን ወገኖች አነጋገር እየሰበረ የሚያስቀውን ተዋናይ ነው። ይህ ደግሞ የእነርሱ ቀልድ ሳይሆን ስለ እነርሱ የተነገረ ቀልድ ነው።

ግብፅም ከዚህ ነፃ አይደለችም። የላይኛው ግብፅ ሰው፣ «ሰዒዲ»፣ በካይሮ ቀልድ ውስጥ የዋህና የሚታለል ሆኖ ይቀርባል። ኢስማዒል ያሲን በተጫወተበት «አል-ዐተባ አል-ኸድራ» በተባለው የ1959 ፊልም አጭበርባሪ የካይሮን አደባባይ ለባላገር ሲሸጥለት ይታያል። ከዚያም የከፋ አለ። ዐሊ አል-ከሳር የተባለው ዝነኛ ተዋናይ ፊቱን አጥቁሮ ዑስማን ዐብዱልባሲጥ የተባለውን ኑብያዊ ሆኖ ሕዝቡን ለረጅም ዘመን አስቋል። ፊትን አጥቁሮ ማሳቅም ከእርሱ ጋር አብሮ አልሞተም። ጥቁር ተማሪ በካይሮ መንገድ ሲሄድ የሚሳቅበት ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ካለ አንዱ ሥር እዚህ ላይ ነው። ተመልካቹ ስለ ኑብያዊ ወይም ስለ ሱዳናዊ የሚያውቀው ከቀልድ ብቻ ሲሆን፣ ሰውየውን በአካል ሲያገኘው አስቀድሞ ይስቃል። እኛም ባገራችን የወገናችንን አነጋገር ሰምተን ከቁም ነገሩ በፊት ስንስቅ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ታዲያ የሌላውን የራሱን ቀልድ ማወቅ ይቻላል? ይቻላል። ማስረጃ እናቅርብ። ግብፃውያን ጁሓን፣ ቱርኮች ነስረዲን ሆጃን፣ እኛ አለቃ ገብረ ሐናን እናወሳለን። የአለቃ ቀልድ በቃላት ቅኔ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ወደ ዐረብኛ ሲመለስ ወርቁ ቀርቶ ሰሙ ብቻ ይተርፋል። የጁሓ ቀልድ ግን በድርጊት ላይ የቆመ በመሆኑ ድንበር ያቋርጣል። ከእነዚህ አንዱ የሚከተለው ነው። ጁሓ በብርድ ሌሊት ያለ እሳት ደጅ አድራለሁ ብሎ ከባልንጀሮቹ ጋር ይወራረዳል፤ ያድራልም። ጠዋት «ከሩቅ የሻማ ብርሃን አይተህ ከሆነ በእርሱ ሞቀሃል፤ ተሸንፈሃል» ይሉታል። እርሱም እሺ ብሎ ምሳ ይጠራቸዋል። ሲጠብቁ ሲጠብቁ ምግብ የለም። ወደ ጓዳ ሲገቡ ድስቱ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ርቆ አንዲት ሻማ ትበራለች። «የሩቅ ሻማ ሰውን ካሞቀ ድስትን እንዴት አያፈላም?» አላቸው።

ይህ ተረት በእኛም አገር አለ። ሃሮልድ ኮርላንደርና ቮልፍ ሌስላው በ1950 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መድበል ውስጥ ይገኛል፤ መጽሐፉም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ተረት ነው። በእኛው ተረት የሚወራረደው አሽከር ነው። በተራራ ላይ ሌሊቱን ራቁቱን ሲያድር በማዶ ተራራ የሚነድ እሳት እያየ ይጽናናል። ጌታው «በእሳቱ ሞቀሃል» ብሎ ውርርዱን ይከለክለዋል፤ ዳኛም ለጌታው ይፈርዳል። በኋላ አንድ አስተዋይ ሰው ጌታውንና ዳኛውን ግብር ይጠራና የወጡን ሽታ ብቻ ያሸትታቸዋል። «በማየት የሚሞቅ ከሆነ በማሽተት ይጠገባል» ማለቱ ነው።

ሁለቱም ተረቶች ቀልድን ከምግብ ጋር አስተሳስረዋል። ነገር ግን ልዩነታቸውን እንመልከት። ጁሓ ራሱ ተበድሎ ራሱ ይበቀላል፤ ነገሩም በባልንጀሮች መካከል ያልቃል። በእኛው ተረት ግን ጌታና አሽከር፣ ያደላ ዳኛ፣ ስለ ድኃው የሚቆም ሌላ ሰው አለ። አንዱ ስለ ብልጠት፣ ሌላው ስለ ፍርድ ይናገራል። ይህን ማወቅ አንድ ሴሚናር ሙሉ የባህል ገለጻ ከመስማት ይበልጣል ብንል አልተሳሳትንም። ሆኖም ተረቱን ከግብፃዊ ባልንጀራው ጋር ያስተያየ ተማሪ ስንት ይሆን?

ሌላ ምሳሌ እንጨምር። «አል-ኢርሃብ ወል-ከባብ»፣ ማለት «ሽብርና ከባብ»፣ የተባለው የ1992 የዓዲል ኢማም ፊልም በተሕሪር አደባባይ ዳር ባለው ሙጋማዕ በተባለው ግዙፍ የመንግሥት ሕንፃ ውስጥ የሚፈጸም ነው። አንድ አባት ልጆቹን ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ለማዛወር ይመላለሳል። ጉዳዩን የያዘው ሠራተኛ የለም፤ ሌላው ሠራተኛ ሁልጊዜ ይሰግዳል። ግርግር ይነሣል፤ የጥበቃው መሣሪያ ባጋጣሚ በእጁ ይገባል፤ ሰውየው ሳያስበው «አሸባሪ» ይሆናል። መንግሥት «ምን ትፈልጋለህ?» ሲለው እርሱም ታጋቾቹም የሚጠይቁት ከባብ ነው። ባገራችን ማኅተም ለማስመታት «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ተመለስ» የተባለ ሰው ይህን ፊልም ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ሕዝቦች በሚያስቃቸው ነገር የሚራራቁትን ያህል በሚያስለቅሳቸው ነገር አይራራቁም፤ ጥሩ ቀልድም ዘወትር ከሚያስለቅሰው ነገር አጠገብ ይገኛል።

በመጨረሻም ልብ ሊባል የሚገባው በሁለቱም አገር ቀልድና ማዕድ አብረው መምጣታቸው ነው። በግብፅ አዳዲስ አስቂኝ ተከታታይ ድራማዎች በብዛት የሚታዩት በረመዳን፣ ከኢፍጣር በኋላ ነው። በእኛም አገር ቴሌቪዥኑ ቀልደኞችን የሚጠራው በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ፣ ቤተሰቡ ዶሮ ወጡን ከቦ ሲቀመጥ ነው። ስለዚህ በማዕዱ ያልተጠራ ሰው ቀልዱም ያመልጠዋል።

ሐ. በሆስፒታል

እስካሁን ያልነው ለሁሉም ተማሪ ነው። ለእኛ ለሕክምና ተማሪዎች ግን ነገሩ የሙያ ግዴታ ነው። የሕመምተኛን ታሪክ ስንወስድ «ምን ትበላለህ?» ብለን እንጠይቃለን። መልሱን ግን የሚረዳው ምግቡን የሚያውቅ ሐኪም ብቻ ነው።

ፉልን እንውሰድ። ለአብዛኛው ሰው ጤናማ ምግብ ነው። «ጂ-6-ፒዲ» የተባለው ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚጎድለው ሰው ግን ባቄላ ሲበላ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ሊፈርሱ ይችላሉ። ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፤ ሽንቱ ይጠቁራል፤ ይደክማል። ጉድለቱ በእናት በኩል ስለሚተላለፍ በይበልጥ የሚያጠቃው ወንዶች ልጆችን ነው። በሜዲትራንያን ዙሪያና በመካከለኛው ምሥራቅ የታወቀ በሽታ ነው። ፉል ምን እንደሆነ የማያውቅ ሐኪም ቢጫ ዓይን ያለውን ሕፃን ሲያይ ስለ ጉበት ብቻ አስቦ የቁርሱን ነገር ሳይጠይቅ ሊቀር ይችላል።

ወዲህ ደግሞ ከእኛ አገር ጓያን እንውሰድ። ድርቅ ሲሆን ሌላው እህል ጠፍቶ ጓያ ብቻ ይተርፋል፤ ለወራት ዋና ምግብ ከሆነም ነርቭን ይጎዳና እግርን ያሽመደምዳል። በ1990ዎቹ በወሎ በደላንታ አካባቢ በዚህ ምክንያት ብዙ ሰዎች፣ በተለይም ወጣቶች፣ ሽባ ሆነዋል። የተጎዳው እግር አይመለስም፤ መከላከል እንጂ መድኃኒት የለውም። ጓያን በስሙ የማያውቅ ሐኪም፣ ኢትዮጵያዊም ቢሆን፣ በአከርካሪ ላይ ዕጢ ሲፈልግ ይከርማል።

ፈሲኽም እንዲሁ ነው። በ1991 በአግባቡ ያልተዘጋጀ ፈሲኽ የበሉ 91 ሰዎች በቦቱሊዝም ተመርዘው ሆስፒታል ገብተው 18ቱ ሞተዋል። ክትፎና ጥሬ ሥጋ ወዳዱም አገራችን ኮሶን ከነመድኃኒት ዛፉ ታውቀዋለች። እንግዲህ ከሁሉም ማዕድ ደስታም አደጋም አለ። ሆኖም ሕመምተኛው ምክራችንን የሚሰማው ምግቡን ስናከብርለት ነው። «ይህን የሸተተ ነገር ተው» የሚለው ሐኪም አይሰማም። «ፈሲኹን ማን አዘጋጀው? ምን ያህል ጨው ገባበት? ስንት ቀን ቆየ?» ብሎ የሚጠይቀው ግን ይሰማል፤ ጥያቄው ራሱ ምግቡን እንደሚያውቅ ይመሰክርለታልና።

ቀልድም በሕክምና ቦታ አለው። ሕመምተኛ ፍርሃቱን በቀልድ ሸፍኖ ሲናገር ቀልዱ ያልገባው ሐኪም ፍርሃቱንም አይሰማም። በግብፅ ሆስፒታሎች ሕመምተኛው ስለ ራሱ ሕመም ሲቀልድ መስማት የዘወትር ነገር ነው። ያን ጊዜ በጨዋነት ዝም ማለት ለእኛ አክብሮት ነው፤ ለእርሱ ግን ሁኔታው እጅግ የከፋ መሆኑን የሚያስረዳ ምልክት ሊመስለው ይችላል።

መ. ምን ይደረግ?

ችግሩን ዘርዝሮ መተው ስለማይበቃ ማኅበራችን ሊሠራባቸው ይችላል የምንላቸውን ነጥቦች እናቀርባለን።

1ኛ. በባህል ምሽት የበዓል ምግብ ብቻ ሳይሆን የዘወትር ምግብ ይቅረብ። አንድ አገርም በአንድ ድስት አይወከል። ከኢትዮጵያ በኩል ከዶሮ ወጡ ጎን ቆጮም፣ ገንፎም፣ ዐንጄሮም ይኑር። ባለቤቱ ምግቡ እንዴት እንደሚሠራና ማን መቼ እንደሚበላው በጥቂት ቃል ያስረዳ።

2ኛ. በየምግቡ አጠገብ በውስጡ ያለው ይጻፍ፤ ሥጋ ይኑረው አይኑረው፣ በማን እንደታረደ፣ ቅቤና ባቄላ እንዳለበት ይገለጽ። ባገራችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ ያረደውን ሌላው አለመብላቱ የታወቀ ነው። ይህ ሳይገለጽ ሲቀር አባላት ሳይበሉ ይወጣሉ፤ ምክንያቱንም አይናገሩም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግን ይቀራሉ። መፍትሔው ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ፉል፣ ኩሸሪ ከሁለቱም ወገን የሚከለክለው የለም። የጾም ምግብ ለጾመኛ ብቻ የሚመስለን ስሙ ስላሳሳተን ነው እንጂ፣ ሁሉም የሚቀርብበት የጋራ ማዕድ እርሱ ነው።

3ኛ. ቀልድን ባለቤቱ ይናገረው። የሱዳንን ቀልድ ሱዳናዊ፣ የሰዒዲን ቀልድ ሰዒዲ፣ የጉራጌን ቀልድ ጉራጌ ያቅርብ። ከቀልዱ በፊት ለመረዳት የሚያስፈልገው ነገር በቀላል ዐረብኛ ይነገር። «የተብራራ ቀልድ አያስቅም» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ በኋላ የተብራራ ቀልድ አያስቅም። አስቀድሞ የተብራራ ግን ያስቃል።

4ኛ. በአዳራሹ ውስጥ ያለን ሰው አነጋገር እየሰበሩ ማሳቅ ይቅር። መመዘኛው ቀላል ነው፤ ባለቤቱ በተቀመጠበት፣ እርሱም በእኛ ላይ እንዲቀልድ ተራ ተሰጥቶት የሚነገር ከሆነ ጨዋታ ነው፤ እርሱ ሲወጣ ጠብቆ የሚነገር ከሆነ ሐሜት ነው።

5ኛ. የሕክምና ተማሪዎች ሆነን ካገራችን ምግቦች መካከል ለጤና የሚጠቅሙትንና ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸውን በየተራ እያዘጋጀን በዚሁ ልሳን እናውጣ። ግብፃውያን፣ ሱዳናውያንና የመናውያን የሙያ ባልደረቦቻችንም የራሳቸውን እንዲጽፉ እንጋብዝ። ከዓመታት በኋላ በየአገሩ ሆስፒታል ስንበተን ይህ ዕውቀት ከመማሪያ መጽሐፎቻችን እኩል ሊያገለግለን ይችላል።

ውድ አንባቢያን! ከእነዚህ ነጥቦች አንዳቸውም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ከትልቁ ወገን የሆነው ቀድሞ እንዲነሣና «እናንተ ምን ትበላላችሁ? በምን ትስቃላችሁ?» ብሎ እንዲጠይቅ ነው። ጥያቄውም መልሱን ቁጭ ብሎ የሚሰማ ጆሮና እጁን ታጥቦ የሚቀርብ እንግዳ ያስፈልገዋል። ለመጪው የባህል ምሽት የሚመረጠው ኮሚቴ ከዚህ ቢጀምር መልካም ነው እንላለን።